በእናቲቱ ላይ አትፍረዱ፤ ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ማታ ጠብቶ የተኛ ጤነኛ ሕፃን ነግቶ ሞቶ ሲገኝ ለቅሶው ሳያባራ ፍርዱ ይቀድማል። አንዱ «ተኝታበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው»። ልጇን የቀበረች እናት በዚህ ላይ ሐሜት ትሸከማለች። ወገኖቼ፣ ከዚህ እንታቀብ።

በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሐና ኪኒ እና ባልደረቦቻቸው በድንገት የሞቱ ሕፃናትን አንጎል ለዓመታት መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በነዚህ ሕፃናት የአንጎል ግንድ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ከሌሎች ሕፃናት 26 በመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። የአንጎል ግንድ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና ከእንቅልፍ መባነንን የሚያዝ ክፍል ነው። ሌላው ሕፃን አየር ሲያጥረው ይባንናል፣ ይገላበጣል፣ ያለቅሳል፤ ይህ ጉድለት ያለበት ግን እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ጉድለቱን እናት በዓይኗ አታየውም።

የማይታየውን መከላከል ባንችል የመኝታውን አደጋ ግን መቀነስ እንችላለን። አደጋው የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ስለሆነ ያኔ ይበልጥ እንጠንቀቅ።

ሕፃኑን ቀንም ሌሊትም በጀርባው አስተኙት። አያቶች «ሲያቀረሽ ትን ይለዋል» ብለው ይሰጋሉ፤ ጤነኛ ሕፃን ግን በጀርባው ስለተኛ ትንታ አይበዛበትም። በአሜሪካ ይህ ምክር በ1994 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ከተሰበከ በኋላ እንዲህ ያለው ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ብርድ ወይም ዓይን ፈርታችሁ ፊቱን በጋቢ አትሸፍኑ፤ ልብሱ ከብብቱ በታች ይሁን። አንገቱ ካላበው ደራርባችሁበታል። ትራስ አታስደግፉት፤ ከጎናችሁ ሆኖ ለብቻው መደብ ይነጠፍለት። አረቄ ወይም ጠላ የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር አይተኛ።

ከሁሉ በላይ ከሰሉን አስወጡ። እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ ዞን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አገር ነው፤ በደጋው ብርድ ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ተለምዷል። «ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል» ማለት አያድንም፤ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ አዋቂውንም ይገድላል። እንቅልፍ ሳይመጣ ምድጃው ደጅ ይውጣ። ሲጋራም ሕፃን ባለበት ቤት አይጨስ።

አባቶች፣ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችሁ ስትመጣ የሕፃኑን መኝታ አሳዩአት። ጎረቤት፣ ለቅሶ ስትደርስ «ምን አድርጋው ነው?» አትበል፤ «እግዜር ያጽናሽ» በላት፤ ወሬ የሚያነሣ ካለም ዝም አስብለው።