የሰረቀና የፋቀ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጌም ቤት ያለው አንድ ወጣት ነበረ። ታሪኩ ምሳሌ ስለሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሥራውን ግን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ብቸና በየከተማው ያለ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው አጎቱ ከዱባይ ሲመለስ ባመጣለት ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ማሽኑ ከነካርቶኑ፣ ከሁለት ጆይስቲክና ከአንድ ጥቅል ኦሪጅናል ዲስክ ጋር መጣ። ወጣቱ በግቢያቸው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ቀለም ቀባ፤ አግዳሚ ወንበር አስገባ፤ ቴሌቪዥኑን ከእናቱ ሳሎን ለምኖ አወጣ። ፕሌይስቴሽን 2 በ1992 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ፣ በ2005 ዓ.ም. መመረቱ የቆመ፣ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ሌላው ዓለም ወደ አዳዲሶቹ ከተሻገረ በኋላም በእኛ አገር ጌም ቤቶች ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል።

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቤቱ ይሞላል። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀጥላል። ችግሩ ዲስኩ ላይ ነበር። ቆሎ ሲያፍስ የቆየ እጅ ዲስኩን በሚነበብበት ፊቱ በኩል ይይዘዋል፤ በበጋ አቧራው በበሩ ይገባል፤ የተጫረ ዲስክ ለማንበብ የሚታገል ሌዘር ደግሞ ራሱ ቶሎ ይደክማል። አንድ ቀን ኳሱ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ቀጥ አለ። ወጣቱ ዲስኩን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ተነፈሰበት፤ መልሶ ከተተው። ማሽኑ አንዴ አጓራና ዝም አለ።

ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛው መላ ነገረው። ኦሪጅናል ዲስክ ላይ ተራ የዲቪዲ መጻፊያ ሊገለብጠው የማይችል ምልክት አለ፤ ማሽኑ ያንን ምልክት ካላገኘ ጨዋታውን አይከፍትም። ሰዎች ግን ሌላ በር አግኝተዋል። ፍሪ ማክቡት የሚባል ፕሮግራም 8 ሜጋባይት በምትይዘው ሜሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሲበራ ወደ ዲስኩ ከመሄዱ በፊት እሱን ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ይነሣል። በፍላሽ ሲሆን መከራው ብዙ ነው። ፍላሹ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ትልልቁ ጨዋታ ተቆራርጦ ይገባል፤ የማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳም ዘገምተኛ ስለሆነ በጨዋታው መካከል የሚመጡት ፊልሞች ይቆራረጣሉ። ወፍራሙ የድሮ ሞዴል ግን ከኋላው የሃርድ ዲስክ ማስገቢያ አለው። የወጣቱ ማሽን ያ ነበር።

ወጣቱ ይህን ከማድረጉ በፊት አያቱን ጠየቀ። አያቱ በወጣትነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ በኋላም ቁም ጸሐፊ የሆኑ መሪጌታ ናቸው። ልጅ የልጅ ልጅ ሳይል ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የተወጠረ የፍየል ቆዳ እየፋቁ ነበር።

«የኔታ፣ የገዛነው ነገር እያረጀብን ነው። ሳይጠፋ ብገለብጠው ኃጢአት ነው?»

«መጽሐፍ ነው?»

«ጨዋታ ነው፤ ግን እንደ መጽሐፍ ሰው የደከመበት ነው።»

የኔታ መፋቂያቸውን አቆሙ። «ሲያረጅ ካልተገለበጠማ ምን ይተርፋል? በግራኝ ዘመን ስንቱ ደብር ተቃጠለ፤ የተረፈልን ሌላ ቦታ የተገለበጠው ነው። ገልብጥ፤ ዋናውን ግን አትጣል» አሉት።

ገለበጠ። ዲስኮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኖራቸው፤ ልጆቹ ከሃርድ ዲስኩ ተጫወቱ። እዚህ ድረስ የወጣቱን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው፣ የያዘው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ምትክ የሚሆን አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ይፈቅዳል። አንድ ቅጂ ለራስ፤ የኔታ ካሉት ብዙም አይርቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ የሰፈር ልጅ ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። «ወንድምዓለም፣ ለእኔም ጫንልኝ» አለው። ለጓደኛ እምቢ አይባልምና ጫነለት። ሁለተኛው ሰው ገንዘብ ሰጠው። በዓመቱ በሩ ላይ «ጌም ይጫናል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የሚጫነውም አጎቱ ካመጣለት ዲስክ አልፎ ከየትም የመጣ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ሆነ።

ሰው ሲጠይቀው መልስ ነበረው። «ከማን ልግዛው? የሠሩት ጃፓንና አሜሪካ ናቸው። በብር የሚሸጥልኝ ማን አለ? የባንክ ካርዴን ማን ይቀበለዋል?» ይላል። ይህ መልስ ተራ ማምለጫ አይደለም። በጎጃም ደጋ ያለ ልጅ ክፈል ቢባልና ቢፈልግ እንኳ መክፈያ መንገድ አልነበረውም፤ ዓለም በሩን ዘግቶበት ሲያበቃ በመስኮት ገባህ ብሎ እሱን ብቻ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። እጁ የማንንም ሥራ ሳይጠይቅ ማንሣት ለመደ፤ የለመደ እጅ ደግሞ የሩቁን ከቅርቡ አይለይም።

በዚያው ከተማ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። የእንጅባራ አካባቢ ሰው ስለሆነች ከፈረስ ጋር አድጋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ኩኩሉን፣ ያቺን ከመታረድ የምትሸሽ ዶሮ፣ በስልክ ጨዋታ ሠርቶ ሲያወጣ አየችና እኔስ አለች። በአሮጌ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ እያቆመች፣ ሲመጣ ሌሊቱን እየቀጠለች አንድ የጉግስ ጨዋታ ሠራች። ፈረሰኛው ዘንጉን ይወረውራል፤ ተባራሪው ጋሻውን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ከበስተጀርባ የጮቄ ተራራ ይታያል። ፈረሱ ሲደክም አንገቱን የሚያወዛውዝበት መንገድ እውነተኛ ነበር፤ ያንን የሚያውቅ ፈረስ የጋለበ ብቻ ነው። መክፈቻው ገጽ ላይ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ጻፈች፤ ሥሩም «ሁለተኛው ዙር ይቀጥላል፤ አስተያየታችሁን ደውላችሁ ንገሩኝ» አለች።

ጨዋታውን ወደ ወጣቱ ቤት አመጣችው። በሃምሳ ብር እንዲሸጥ፣ ግማሹ የእሱ ግማሹ የእሷ እንዲሆን ተስማሙ። በመጀመሪያው ሳምንት የጥቂት ሰዎችን ድርሻ ሰጣት፤ ሁለት ሦስት ሰውም ደወለላት። ከዚያ ሌሎች ጫኚዎች ጨዋታውን ከደንበኞቹ ስልክ እየወሰዱ በራሳቸው ቤት መሸጥ ጀመሩ። ወጣቱ ተናደደ፤ ደንበኛው ከእሱ ዘንድ እንዲመጣ ብሎም ለጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛው መክፈቻውን ገጽ ከፍቶ ስሟን አነሣና የጌም ቤቱን ስምና ስልክ ተካበት። ስሟ ከወጣ በኋላ ድርሻዋን መስጠት ለምን እንደሚያስፈልግ ለወጣቱ እየደበዘዘ ሄደ። «አልተሸጠም» አላት አንድ ቀን። ሁለተኛ መጥታ አልጠየቀችውም።

ጨዋታው ግን ጎጃምን አዳረሰ። ደንበጫ ገበያ ላይ ልጆች ይጫወቱታል፤ ሞጣ መናኸሪያ ረዳቶች ይጫወቱታል። ደዋዮችም በዙ፤ የሚደውሉት ግን ለወጣቱ ነው። «ሁለተኛው ዙር መቼ ነው የሚወጣው?» ይሉታል። «በቅርብ ቀን» ይላቸዋል። ወራት አለፉ። አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ የኔታ ሄደና ፈረሶቹን አሳያቸው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የፈረሱን አንገት ሲያዩ ሣቁ።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

«አጎቴ ነው፤ ስሙ ተጽፏል።»

የኔታ ወጣቱን አስጠሩት።

«ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ይህ ያንተ አይደለም። የማን ነው?»

ወጣቱ መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። የኔታ ተነሥተው ከማኅደሩ አንድ አሮጌ ዳዊት አወጡ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀኑትና «እይ» አሉት። ቅጠሉ በአንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ በሳሳው ቦታ ላይ የተጻፈው ስም ቀለሙ ፈስሶ ከሌላው ጽሕፈት ተለይቶ ይታያል።

«እዚህ ላይ የጸሐፊው ስም ነበረ። አንዱ በካራ ፍቆ የራሱን ጻፈበት። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ በየመጽሐፉ መጨረሻ የሚጻፈው ለምን ይመስልሃል? የሰረቀ አንድ ቀን ሊመልስ ይችላል። የፋቀ ግን ማንን ብሎ ይመልሳል? እኔ ይህን ጸሐፊ ሃምሳ ዓመት ፈለግሁት። እጁ ያምራል፤ ሌላም ሥራ ሳይኖረው አይቀርም፤ በማን ስም እንደምጠይቅ ግን አላውቅም።»

«የኔታ፣ ገልብጥ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለ ወጣቱ በቀስታ።

«ብያለሁ። መጽሐፍ ይገለበጣል። ዋሸራ ሳለሁ ግን ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም ነበር፤ የጓደኛውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ጉባኤው ፊት መቆሚያ ያጣል። ቅኔው የሚቀጥለው ሰውየው ስላለ ነው፤ ነገም ሌላ ይሰጣል። አንተ የገለበጥኸው የሴቲቱን መጽሐፍ ነው፤ የፋቅኸው ግን ሴቲቱን ነው። በል፣ ስሟን መልስ። የሸጥኸውን ቆጥረህ ድርሻዋን ስጣት።»

«ስንት እንደሸጥሁ አላውቅም።»

«የዱቤ ደብተር የሚይዝ ሰው ያውቃል።»

ደብተሩን አወጣ። ሌሊቱን በሙሉ ቆጠረ፤ በዱቤ የወሰዱትን፣ በጥሬ የከፈሉትን፣ ከሌላ ወረዳ በሰው ያስጫኑትን ለየ። ገንዘቡ ስለማይሞላለት ወፍራሙን ማሽን ከነሃርድ ዲስኩ ሸጠ፤ አጎቱ ያመጣቸውን ዲስኮች ብቻ አስቀረ።

ልጅቷን ያገኛት ባንክ ቤት ነው። ተመርቃ ገንዘብ ከፋይ ሆናለች። ተራውን ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ብሩን በፖስታ አቀረበላት።

«ገቢ ነው? በማን ስም?»

«ባንቺ ስም ነው። የጉግሱ ነው። ድርሻሽን በልቼብሽ ነበር፤ ስምሽንም አጥፍቼዋለሁ። መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ለደወሉትም ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ።»

ፖስታውን አልከፈተችውም። «ስንት ሰው ነው የተጫወተው?» አለችው።

«በእኔ እጅ ያለፈው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ከሰው ወደ ሰው የሄደውን አላውቅም። በየቀኑ ይደውላሉ፤ ሁለተኛው ዙር የት አለ እያሉ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «እኔ እኮ ማንም አልወደደውም ብዬ ነው የተውሁት» አለች። «ከሁለት ሦስት ሰው በቀር የደወለልኝ አልነበረም። ላፕቶፑን ሸጥሁት።»

ከኋላው ያለው ሰው ተራውን አዘገየህብን ብሎ አጉረመረመ። ልጅቷ ገንዘቡን ቆጠረች፤ ደረሰኝ ጻፈችለት፤ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ወጣቱ ዛሬም ጌም ይጭናል፤ አገር ውስጥ የተሠራ ሲመጣለት መጀመሪያ የሠሪውን ስልክ ፈልጎ ይደውላል። በጉግሱ መክፈቻ ላይ የልጅቷ ስም ተመልሷል፤ ከዚያ በፊት የተሰራጩት ቅጂዎች ላይ ግን አሁንም የጌም ቤቱ ስም ነው ያለው፤ እነሱን መሰብሰብ የሚቻለው የለም። ለልጅቷም ሰው መደወል ጀምሯል። ሁለተኛው ዙር እስካሁን አልወጣም።