ካልታዘልኩ አላምንም

ልጄ፣ ትናንት አሞራ ገደል ተቀምጠን የዓሣ ሾርባ ስንጠጣ ያልሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። «ጋሼ፣ ታቦር ተራራ ሥር ፊዚክስ አስተምሪ ተብዬ ተመደብኩ፤ በቂ መሣሪያ ሳይኖረኝ በባዶ እጄ ምን ላሳያቸው?» ነው ያልሽኝ። ያኔ ቶሎ የመጣልኝ መልስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ብቻ ነበር። እውነት ነው፤ ግን አይበቃሽም። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው ለወጣት መምህርት ከዚህ የተሻለ ስንቅ ሊሰጣት ይገባል ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ ሰው ይህን ተረት የሚያነሣው ተጠራጣሪን ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ሙሽራዋን እወዳታለሁ። ሽማግሌ ተልኳል፣ ጥሎሽ ተቆጥሯል፣ ዳሱ ተጥሏል፤ እሷ ግን ጀርባ ላይ ወጥታ እግሯ ከመሬት እስኪለቅ ድረስ ልቧን አትሰጥም። ክፍልሽ ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች እንደዚያች ሙሽራ ቢሆኑልሽ ምንኛ በታደልሽ! የኛ ልጆች ሳይታዘሉ ማመን ለምደዋል። መጽሐፉ ካለ አለ ነው፤ መምህሯ ካለች አለች ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለችውን ሙሽራ ከደጃፍ መልሻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ እዚሁ ሀዋሳ። ከቤቴ ቡታጋዝ ይዤ መጣሁ፣ በብረት ጣሳ ውኃ ጣድኩ፣ ያለኝን አንድ ቴርሞሜትር ጣሳው ውስጥ በክር አንጠለጠልኩ። ልጆቹ በየተራ እየመጡ አነበቡ፤ ውኃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደፈላ ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ አዘዝኩ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳይ ከአንዱ በቀር ሁሉም 100 ይላሉ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ 94 ብላ ጽፋለች። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ኤክስ አደረግሁባት። ደብተሯን ስትቀበለኝ አንገቷን ደፋች፤ ቦታዋ ሄዳ 94ን በላጲስ ፈገፈገችው፤ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፈገፈገችው። ከላዩ ላይ 100 ብላ ጻፈች።

የዚያን ዕለት ማታ ሻይ ሳፈላ ያንኑ ቴርሞሜትር ከተትኩት። 94 አለኝ። ከጁስ ቤት በረዶ ለምኜ እየቀለጠ ባለው ውስጥ ብከተው ደግሞ ቀጥ ብሎ ዜሮ ላይ ቆመ። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር አናትሽ ላይ የተጫነው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ጫናው ሲቀልል ውኃ ለመፍላት ያን ያህል መሞቅ አያስፈልገውም። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብለሽ ያዢው። እኛ ዘንድ 94 ከምናምን፣ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ይሆናል። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው የደንከል ምድር ላይ ግን ከ100 ጥቂት ያልፋል። ደጋ ላይ ባቄላ ንፍሮ አልበስል ብሎ ማገዶ የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ምክንያቱን ባይሉትም ድስቱን ያውቁታል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ትክክለኛዋ እሷ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔና እናንተ ነን» ማለት ነበረብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ዝም አልኩ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ያየችውን ጽፋ አታውቅም፤ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጥ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አስቀድሚልኝ፤ ያገኙትን ይጻፉ። 94 ያገኘ 94 ይጻፍ፤ 87 ያገኘም 87 ይጻፍና ለምን እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ። ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመ ቁጥር ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶ አታንሺ። ወንበር ስበሽ ልጁ አጠገብ ተቀመጪና «እስቲ እንዴት እንደለካኸው አሳየኝ» በይው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እስኪጠራ የመጠበቅ ትዕግሥት ከአንቺ ይጠበቃል። (ስታፈሊ የሐኪም ቴርሞሜትር እንዳትጠቀሚ አደራ፤ ከ42 ዲግሪ አካባቢ በላይ አይሄድምና ይፈነዳብሻል።)

መሣሪያ የለኝም ላልሽው፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ከፊትሽ ሐይቅ፣ ከኋላሽ ተራራ፣ መንገዱ ሁሉ ብስክሌት የሆነበት ከተማ ውስጥ ነሽ። ጎሚስታው ቀዳዳ ሲፈልግ የተነፋውን ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ሲነክር አይተሽ ታውቂያለሽ፤ ትምህርቱ እዚያ ሳፋ ውስጥ አለ። አንዲት ባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ብቻ ለልጆች ሰጥተሽ «አብሩት» በያቸው። የኦምን ሕግ በቃሉ የሚወጣው ልጅ ሽቦውን የት እንደሚያስነካ ግራ ሲገባው ታያለሽ። አትንገሪው። አምፖሉ በራሱ እጅ ሲበራለት ፊቱን እይው።

ታቦርን ደግሞ አስለኪያቸው። ፕሮትራክተር፣ ክርና ከጋራዥ የተለቀመ አንድ ዳዶ ይበቃል። ዳዶውን በክሩ ጫፍ አስረሽ ከፕሮትራክተሩ መካከል አንጠልጥይው፤ ልጁ ቀጥ ባለው ጠርዝ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የተራራውን አናት ያነጣጥራል፤ ጓደኛው ክሩ ያረፈበትን ያነባል። ከዚያ በሜትር ለክተው ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ያፈግፍጉና እንደገና ያነጣጥሩ። የተራራው እምብርት ድረስ ሜትር መዘርጋት ስለማይቻል ነው ሁለት ቦታ የሚቆሙት። የቀረውን ታንጀንት ይጨርስላቸዋል፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ያሉት ያው ታንጀንት።

ውጤቱን አልነግርሽም። የኔን ቁጥር ከሰሙ ጆሯቸውን እንጂ ዓይናቸውን አይጠቀሙም። አሥራ ሁለት ቡድን አሥራ ሁለት ቁጥር ያመጣልሻል፤ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፊ። አንደኛው ቡድን ተራራውን ሰማይ ያደርስልሻል፤ እንዳይስቁበት። ቀርበሽ ስታዪ 12 ዲግሪ ማለት ሲገባው ክሩ ያረፈበትን 78 ከዘጠና ሳይቀንስ እንዳለ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ዘጠና ሲቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ቀን በኋላ አይረሳም። ሌላው ቡድን ነፋስ ክሩን ሲያወዛውዝበት ነው የለካው። የቀሩት ተቀራራቢ ይሆናሉ፤ ግን እኩል አይሆኑም። «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሲነሣ ያን ቀን ደመወዝሽን በልተሻል።

ድንጋይ በክር አስሮ ማወዛወዝም እንዲሁ ነው። ክሩ አንድ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንዱን ውዝዋዜ ብቻ የለካ ልጅ ጣቱ ሩብ ሰከንድ ቢዘገይበት ስሕተቱ ከአሥር በመቶ በላይ ነው። ሃያውን ቆጥሮ አርባ ሰከንዱን ለሃያ ያካፈለው ግን ያችው የጣት መዘግየት ለሃያ ትከፋፈልለታለች። የመሬት ስበት 9.8 ነው ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ይህን አስደርጊያቸው። 9.5 አገኘሁ ያለሽ ልጅ 9.8ን ከገለበጠው ልጅ ይበልጣል።

ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ናት አልሽኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንቺ ብቻሽን ፊት ለፊት ቆመሽ ሠርቶ ማሳያ ስታሳዪ የኋለኞቹ ጀርባሽን ነው የሚያዩት። አምስት አምስት አድርገሽ ክፈያቸው፤ ክርና ድንጋይ ለስልሳ ልጅም አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂልኝ። ቡድን ስትሠሪ ወንዶቹ ዕቃውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ እስክሪብቶ ይይዛሉ። ማንም ሳያዝዛቸው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብላ ጸሐፊ የተደረገች ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሽቦ ሳትነካ ትጨርሳለች። በየሳምንቱ ሥራውን አቀያይሪ። አንቺ ራስሽ ስንት ጊዜ ጸሐፊ እንደሆንሽ ታውቂዋለሽ።

ወላጅም አንዳንድ ባልደረባም «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ድንጋይ ማወዛወዙን ትተሽ ጥያቄ አሠሪልን» ይሉሻል። አትቆጪያቸው፤ ለልጃቸው ፈርተው ነው። ግን ይህን አስቢ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሙከራ ብቻውን ይፈታዋል ብዬ አላታልልሽም። ቀመር እየደጋገሙ ማስጠናት ግን እንዳልፈታው በዓይናችን አየን። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፕላዝማ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ሲገባም ልጆቹ የሚያምር ሙከራ በስክሪን አዩ፤ ግን አልነኩትም፤ «ቆይ፣ ይደገምልን» ማለትም አይችሉም ነበር። መምህሩም ከጎን ቆሞ ጠበቀ። እኔ አንዱ ነበርኩ።

ሌላው እንቅፋት የመሣሪያ ክፍሉ ቁልፍ ነው። ባስተማርኩባቸው ቦታዎች ካርቶኑ ሳይከፈት አቧራ የለበሰ መሣሪያ አይቻለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ንብረት ክፍሉን አትፍረጂበት፤ ቢሰበር ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው። ሄደሽ ሻይ ጋብዢው፣ የምትፈልጊውን አንድ ዕቃ ብቻ በሞዴል 22 ፈርመሽ ውሰጂ፣ በቀጠሮሽ ቀን ጠርገሽ መልሺ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ በአራተኛው ራሱ «መምህር፣ ይኼኛው አያስፈልግሽም?» ይልሻል።

ጨርሶ ምንም በሌለበትስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ያለ ክስ ለዓመታት ታስረው ሳሉ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው ተረት ሲነሣ ሁልጊዜ እሳቸው ይታወሱኛል።

አሁን ደግሞ አንድ ቀጠሮ ልስጥሽ። መጋቢት 30 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ፀሐይ በሀዋሳ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም። መቀሌ ላይ የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ ብለሽኝ አልነበር? ደውዪላት። እሷም በዚያው ቀን አንድ ሜትር እንጨት ትትከልና የቀትሩን ጥላ፣ በጣም ያጠረበትን ደቂቃ ጠብቃ፣ ትለካ። 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ይህም ስድስት ዲግሪ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማዕዘን ነው። ከሀዋሳ ወደ ሰሜን እስከ መቀሌ ትይዩ ያለው ርቀት 710 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ ክብ 360 መሆኑን ልጆችሽ ያውቃሉ፤ አካፍለው ሲያባዙ የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይወጣላቸዋል። ኤራቶስቴንስ የሚባለው ሰው ከ2,200 ዓመት በፊት ይህንኑ ያደረገው በግብፅ፣ ውኃው ከኛው አገር በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ነበር። ሁለት እንጨትና አንድ የስልክ ጥሪ ምድርን ይለካል፤ ልጆቹ ይህን በገዛ እጃቸው ያድርጉት።

የዚያን ዕለት እኔም እመጣለሁ። ጉልበቴ ታቦርን አያስወጣኝም፤ የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ግን አያቅተኝም። ከዘራዬን እተክልላችኋለሁ። ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልጆቹ ግን እንደገና ይለኩት።