ለማይናገረው ሕመምተኛ ያለብን ዕዳ

ውሻ በታማኝነቱ ሲመሰገን ዘወትር እንሰማለን፤ በታመመ ጊዜ ግን ምን ይገባዋል ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኛ የሚጥል በሽታ ካለበት ውሻ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ነገሩ ለአንዳንዶች ተራ ቢመስልም፣ ስለ ርኅራኄ የምንናገረውን ሁሉ የሚፈትን ጥያቄ ያስነሣል።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። የሚጥል በሽታ በአንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለጥቂት ጊዜ ሥርዓቱን ሲያጣ የሚመጣ ነው። ውሻው በድንገት ይወድቃል፤ እግሮቹ ይገተራሉ፤ ይንፈራገጣል፤ አረፋ ይደፍቃል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይለቀዋል፤ ከዚያም ግራ ተጋብቶ ግቢውን ይዞራል፤ እኛንም ለጊዜው አያውቀንም። እንስሳትም በዚህ በሽታ መያዛቸው የታወቀው ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት አካባቢ የተጻፈውና በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው «ስለ ቅዱሱ በሽታ» የተባለ የግሪክ መጽሐፍ፣ በሽታው ከአማልክት ሳይሆን ከአንጎል መሆኑን ሲያስረዳ ፍየሎችን በምስክርነት ጠርቷል።

በእኛ ዘንድ ግን አረፋ የደፈቀ ውሻ ሲታይ አስቀድሞ የሚነሣው ድንጋይ ነው፤ «አብዷል!» ይባላልና። ይህም ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ውሻንም ይገድላል። ስለዚህ የማናውቀው ውሻ ቢወድቅ ርቀን የእንስሳት ሐኪም እንጥራ፤ የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሆኖም የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ሲነቃ ቀስ በቀስ ወደ ጠባዩ ይመለሳል፤ ያበደው ግን እየባሰበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። እንግዲህ ፍርሃት ያስጠንቅቀን እንጂ አይፍረድልን።

በሽታው በተነሣበት ሰዓት የምንችለው ጥቂት ነው። ጠንካራ ዕቃ ከአጠገቡ እናነሣለን፤ ልጆችን እናርቃለን፤ ሰዓት እንመለከታለን፤ እጃችንን ወደ አፉ አናስገባም። ምላሱን አይውጥም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል። ዋናው ሥራ ያለው ጸጥ ባሉት ቀናት ነው። ሐኪም ያዘዘለትን ፌኖባርቢታል በየ12 ሰዓቱ በእንጀራ ጠቅልለን እንሰጠዋለን። መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ በሽታው በኃይል ሊነሣ ስለሚችል፣ ደከመን ብሎ መተው የለም። ውሻው ለምን እንደምናደርገው አያውቅም፤ አያመሰግነንምም። ርኅራኄ ማለት ሲወድቅ ማዘን ብቻ ሳይሆን፣ ይህን ሰዓት ነገም ከነገ ወዲያም መጠበቅ መሆኑን የተረዳነው በዚህ ነው።

«የሰው ድኻ ባለበት አገር ለውሻ መድኃኒት መግዛት ተገቢ ነውን?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ሰዎችም የሚታከሙበት ነው። አንድ ብልቃጥ ብቻ ቢቀርና የጎረቤት ልጅ ቢያስፈልገው ያለ ማመንታት ለልጁ ይሰጥ እንላለን። ነገር ግን ምርጫው ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ ለውሻው የነፈግነው ገንዘብም ወደ ድኻው እጅ ሲደርስ አናይም። ከዚህም በላይ ከእናቱ ለይተን ያመጣነው፣ በር ያስጠበቅነው እኛ ነን። በጤናው ዘመን አገልግሎቱን ተቀብለን በሕመሙ ሜዳ ላይ መጣል ዕዳን መካድ ነው። ሕክምናው ከአቅም በላይ ሆኖ ሥቃዩ ቢበዛ እንኳ፣ በሐኪም እጅ ያለ ጭንቅ እንዲያርፍ ማድረግ ለጅብ ከመጣል ይሻላል።

ሰውን ከውሻ ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ነገር ግን በመንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ይተላለፋል ብለው የሚሸሹ፣ ክብሪት ለኩሰው የሚያሸትቱ ዛሬም አሉ። በሽታው በመንካትም በለሃጭም አይተላለፍም፤ የክብሪት ጢስም አያድነውም። በግቢው ከወደቀው እንስሳ አጠገብ ሰዓት እየቆጠረ መቆምን የተማረ ወጣት፣ ባልንጀራው ሲወድቅ ራሱን ደግፎ በጎኑ ያስተኛዋል እንጂ አይሸሽም። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ድንጋይ ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ፤ ከጠየቅንና ካወቅን በኋላም እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ እንቆይ።