ነፋስና ትንፋሽ

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ ድምፅ ይመጣል፦ «ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ! ብርድ ልታስመታን ነው?» የከፈተውም አፍሮ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ አንዱ ያወጣውን ሌላው እየሳበ ይጓዛል። ነፋስን ስንፈራ ትንፋሽን ረስተናል።

ቤት ውስጥ ዕጣን ሲጨስ አስተውሉ። ማጨሻው የተቀመጠው አንድ ጥግ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ግን ጭሱ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ሲከፈት ይሳሳል። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ ወይም ኩፍኝ የያዘው ሰው ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲያወራ፣ ሲዘምር፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስም ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ወዲያው ይወድቃሉ፤ ደቃቆቹ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የኩፍኝ ቫይረስማ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

በ1977 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ 54 ሰዎች የተሳፈሩበት አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ 3 ሰዓት ያህል መሬት ላይ ቆመ። አየር ማናፈሻው ጠፍቶ ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹም አንዱን ኢንፍሉዌንዛ ይዞታል። በ3 ቀን ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶው ታመሙ። የእኛ ታክሲ ከዚያ አውሮፕላን በምን ይሻላል?

ብርድ ብቻውን ቫይረስ አይፈጥርም። ደግሞም ለብርድ ጋቢ አለለት፤ ለታፈነ አየር ግን የሚደረብ ልብስ የለም። ስለዚህ እንግዳ ሲበዛ በርና መስኮቱን ትይዩ ከፍታችሁ አየሩን አሳልፉት። መምህራን፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ ክፍሉም ይተንፍስ። የአራስ ቤት ጠያቂ ሲሞላበት ጥቂትም ቢሆን ይከፈት፤ እናትና ሕፃኑ ከነፋሱ መንገድ ገለል ይበሉ። ያመማችሁ ደግሞ ከለቅሶም ሆነ ከአራስ ጥየቃ መቅረትን እንደ ነውር አትቁጠሩት። ስልክ ደውሎ ማጽናናትም ወግ ነው። መሄድ ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ፣ ቶሎ ተሰናብቶ መውጣት ነው።

ነገ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ የምትቀመጡ እህት ወንድሞቼ፣ አራት ጣት ያህል ክፈቱት። ከኋላ «ዝጉት!» የሚል ድምፅ ከመጣ ነጠላችሁን አውሱ እንጂ መስኮቱን አትዝጉ።