ውጤት ሳይነገር ምን እንጸልይ?

ፕላቶ ዱ ሰርፓን በጅቡቲ ከተማ በባሕሩ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው፤ ስሙም በፈረንሳይኛ የእባብ አምባ ማለት ነው። በአቅራቢያው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ይገኛል። ሐዲዱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ስንቱ የአገራችን ሰው በዚያ ቆሞ ዘመድና ደብዳቤ ጠብቋል! ዛሬ ባቡሩ የሚነሣው ከናጋድ ነው፤ ወሬውም በደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ በስልክ ሆኗል። የሚጠብቅ ሰው ልብ ግን ያው የቀድሞው ልብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ሌሊቱ እንኳ በማይበርድበት ወራት፣ በዚያ ሰፈር በሰው ቤት ወጥ ቤት ሆና የምትሠራ አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ ወደ እኔ ቀረበች። ልጇ ኮምቦልቻ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትናለች፤ ውጤቱ ግን ገና አልተነገረም። እናቲቱ ሰባት ዓመት በዚያ ሙቀት የቆየችው ስለዚህች ልጅ ትምህርት ነው። «ጋሼ» አለችኝ፤ «እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትሁ። ሌሊት እየተነሣሁ እንድታልፍ እጸልያለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ታርሞ አልቋል ይላሉ። ያለቀ ነገር ከሆነ ጸሎቴ ምን ይለውጣል? ካልጸለይሁ ደግሞ በእኔ ስንፍና የወደቀች ይመስለኛል።»

ይህ ጥያቄ የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ በደጋው አገር በብዙ ቤት ይጠየቃል። ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ እንዲፈተኑ ተደረገ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ተፈትነው እስከ ጥር ድረስ ጠበቁ፤ ውጤቱም ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። የ2015 ተፈታኞች ከመቶ 3.2፣ የ2016ቶቹ ከመቶ 5.4፣ የ2017ቶቹ ከመቶ 8.4 አለፉ። እንግዲህ ማለፍ የጸሎት ዋጋ ነው የምንል ከሆነ፣ ከመቶው ቤት በዘጠና ሰባቱ ጸሎት አልነበረም ልንል ነውን? እንዲህ ያለውን ክፉ አሳብ እግዚአብሔር ከእኛ ያርቀው። ባላለፉትም ቤት የተንበረከኩ እናቶች፣ ሌሊት ያነቡ ልጆች ነበሩ።

ነገሩን በማስተዋል እንመርምረው። ወረቀቱ ከታረመ በኋላ «ያልታወቀው መልስ የታወቀ ይሁን» ብሎ መለመን፣ የእውነት አምላክ ሐሰትን እውነት እንዲያደርግልን መለመን ነው። «ሌላው ይቅርና የእኔ ልጅ ትግባ» ማለትም የጎረቤትን ልጅ ወንበር መመኘት ነው። እግዚአብሔር ሳንጠራው የሚሰማ አባት ስለሆነ ያለፈውም ጊዜ የሚመጣውም በእጁ ነው፤ የልባችንንም ምኞት ሳንፈራ ልንነግረው ይገባል። ሆኖም ስለዚህ ነገር ከመለመን የሚበልጥ፣ ገና ያልተዘጋ፣ ገና ያልታረመ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውጤቱን የሚቀበለው ልብ ነው። ወረቀቱ አልቋል፤ ልባችን ግን አላለቀም። ስለዚህ በመጠበቅ ጊዜ የሚደረግ ጸሎት ከንቱ አይደለም።

ማርቲን ሉተር መጠበቅን ያውቅ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1530 የወንጌል አማኞች የእምነታቸውን ቃል በአውግስቡርግ በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ፊት ባቀረቡ ጊዜ፣ እርሱ የተፈረደበት ሰው ነበርና ወደዚያ ለመሄድ አልቻለም። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ወሬ ጠበቀ። በዚያም ሳለ የአባቱን ሞት ሰማ፤ ሕመምም ይፈራረቅበት ነበር። በአውግስቡርግ የነበረው ወዳጁ ሜላንክቶን በጭንቀት በደከመ ጊዜ፣ ሉተር በደብዳቤ ገሠጸው፤ ነገሩ የእግዚአብሔር እንጂ የእኛ አይደለም፣ ራሳችንን በአሳብ ብንገድል ምን እንጨምራለን ሲል አበረታታው። እርሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የነቢያትን መጻሕፍት መተርጐሙን ቀጠለ። በዚያው በጋም ወላጆች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲልኩ የሚመክር ስብከት ጻፈ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፦ የገዛ ነገሩ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ፣ ስለ ሌሎች ልጆች ትምህርት ያስብ ነበር። እንግዲህ ትምህርት የተናቀ ነገር ነው፣ ማለፍና መውደቅም አንድ ነው የሚል አይኑር። ትምህርት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ጌታችን አይደለም።

ጭንቀት የሚጀምረው ስጦታው ጌታ በሆነ ጊዜ ነው። ልጅ ስለ ፈተና ብቻ ቢሆን ጥቂት ይፈራል፤ እጅግ የሚያስፈራው ግን ከፈተናው በስተኋላ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ብወድቅ ማን እሆናለሁ? ወላጆቼስ እንደ ቀድሞው ያዩኛልን?» በገነት እባቡ ነገሩን የጀመረው በጥያቄ ነበር፤ የአባትን ፍቅር አጠራጠረ። አዳምም ከወደቀ በኋላ በዛፎች መካከል ተሸሸገ፤ የተሸሸገው የአባቱን ፊት ስለ ፈራ ነው። ዛሬም ብዙ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ ከቤት የሚሸሸገው ስለዚሁ ነው።

ወንጌል ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ይጀምራል። ጌታችን በዮርዳኖስ በተጠመቀ ጊዜ የአብ ድምፅ የምወደው ልጄ ይህ ነው ሲል የመሰከረለት ገና አንድ ተአምር ሳያደርግ፣ ገና በምድረ በዳ ሳይፈተን ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ እንዳስተማረ፣ ክርስቶስ ስለ እኛ የሞተው እኛ ከታረምን በኋላ ሳይሆን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው። በእግዚአብሔር ዘንድ ፍቅሩ ከፈተናው ይቀድማል። እኛ በጥምቀታችን የተቀበልነው ቃል ይህ ነው፤ ማንም ፈታኝ አልጻፈውም፣ ማንም ሊሰርዘው አይችልም።

ስለዚህ ለዚያች እናት እንዲህ አልኋት፦ «እኅቴ ሆይ፣ ጸልዪ፤ ነገር ግን ከጸለይሽ በኋላ ዛሬ ማታ ለልጅሽ ደውዪላት። ብታልፊም ባታልፊም ልጄ ነሽ በያት። ውጤቱ እስኪመጣ አትቆዪ። ከውጤቱ በኋላ የሚነገር ፍቅር ለወደቀ ሰው ማጽናኛ ይመስላል፤ ላለፈም ሰው ሽልማት ይመስላል። ከውጤቱ በፊት የሚነገር ፍቅር ግን ቃል ኪዳን ነው።»

እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንዲህ ብላት ብትሰንፍብኝስ?» አለችኝ። ይህም የቆየ ጥያቄ ነው፤ ጸጋን የሚሰሙ ሁሉ ይጠይቁታል። እኔም መልሼ፣ «አንቺ ሰባት ዓመት እዚህ የለፋሽው ልጅሽ እንድትወድሽ ነው ወይስ ስለምትወጃት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ስለምወዳት ነው እንጂ» አለች። «እንግዲያስ ፍቅር ሰውን እንዴት እንደሚያሠራ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኋት። በፍርሃት የሚሠራ ሰው መንገዱ ሲዘጋበት ወይ ይሰርቃል ወይ ተስፋ ይቈርጣል፤ ተወዶ የሚሠራ ግን መንገዱ ቢዘጋም ሥራውን አይተውም።

ኦኔሲሞስ ነሲብን እናስብ። ከባርነት ወጥቶ በምፅዋ ወንጌልን ከተማረ በኋላ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋበት። እርሱ ግን በሞቃቱ የባሕር ዳር ተመልሶ ተቀምጦ፣ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር እየደከመ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ታትሞ ወጣ። ወደ ነቀምቴ የገባው ከዚያ በኋላ በ1904 ነው። የተዘጋው በር ቀድሞ ቢከፈትለት ኖሮ ምን እንደሚሆን እኛ አናውቅም፤ በተዘጋው በር ፊት የሠራው ሥራ ግን እስከ ዛሬ ሲነበብ ይኖራል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ውጤቱ ተነገረ። የዚያች እናት ልጅ ግማሽ ነጥብ አላገኘችም። እናቲቱ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ ልቅሶዋንም አልከለከልኋትም፤ የሰባት ዓመት ድካም ነውና። ዕንባዋን ጠርጋ ግን እንዲህ አለች፦ «ጋሼ፣ ውጤቱን እንዳየች ከማንም በፊት የደወለችው ለእኔ ነው። ‹እማዬ፣ አልመጣልኝም› አለችኝ። አልተደበቀችብኝም።» ልጅቱ እንደ ገና ለመፈተን መጽሐፏን አንሥታለች።

አልተደበቀችም! ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ጸሎቱ የተሰማው በዚህ አይደለምን? ከፍ ያለ ነጥብ አምጥቶ ከአባቱ ፊት የሚሸሽ ልጅ አለ፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ይዞም ወደ እናቱ የሚሮጥ አለ። ከሁለቱ የትኛው ወደ ቤት እንደ ገባ ፍረዱ።

እንግዲህ በዚህ ዓመትም ልጆቻችሁ ውጤት የሚጠብቁ አባቶችና እናቶች፣ ስለ እውነት መቀበል፣ ስለ ጎረቤታችሁም ልጅ፣ ስለ ገዛ አንደበታችሁም ጸልዩ። ልትነግሩአቸው የሚገባውንም ቃል ለነገ አታቆዩት፤ ስልኩ ሳይጮኽ ዛሬ ንገሩአቸው። ሳንፈተን የወደደን፣ ወድቀንም ያልጣለን አባት ሰላሙን በሚጠብቁ ልቦች ሁሉ ላይ ያሳድር። አሜን።