የባልንጀራን ሥዕል ስለ መመዘን

ሥራው ከባልንጀሮቹ ሥራ ጋር በአንድ አዳራሽ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ነቀፌታው ወደ ሐሜት፣ ሙገሳውም ወደ ውዳሴ ከንቱ ሳያዘነብል ስለ ወንድሙ ሥራ መናገር ይቻለው እንደ ሆነ ኅሊናውን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። እኔን ይህ ጥያቄ የሚይዘኝ በአምስተርዳም፣ በዳም አደባባይ በቆመችው በኒውዌ ኬርክ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ባለፍሁ ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1578 ከተማይቱ ወደ ፕሮቴስታንት ወገን በዞረች ጊዜ የቅዱሳን ሥዕሎቿን ባጣችው በዚህች ቤት፣ በ1955 በዚሁ አገር የተመሠረተው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓለሙን መከራ የያዙ ፎቶግራፎችን ለብዙ ዘመን ሲያሳይባት ኖሯልና፣ ቅዱሳን በወጡበት ደጅ ሐዘንተኞች ገብተውበታል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ፎቶግራፎች ክፍል አንደኛነቱን የሰጠው ለወገናችን ለሙሉጌታ አየነ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ነፍስ ስላለቀበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ፣ በዚያው ሜዳ ላይ አፈር ዘግና በገዛ ፊቷ የምትበትን ሴት ያሳያል። የሙያ ባልደረባ አፈሩ በአየር ላይ ሳለ የተያዘበትን ቅጽበት ቢያደንቅ አልዋሸም፤ ነገር ግን አስከሬን ለይቶ መስጠት ባለመቻሉ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ከተቃጠለው ምድር አንዳንድ ኪሎ አፈር እንደ ታደለ፣ መጋቢት 8 ቀንም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ ባዶ ሣጥኖች እንደ ተሸኙ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ አፈር ሥጋም መቃብርም ነው።

የሰውን ሥራ መመዘን በቅኔ ቤትም አለ፤ በዚያ ተማሪው የቆጠረውን ሲነግር መምህሩ ቤት ያልመታውን ያርማል፣ የጎደለውን ምሥጢር ያሟላል፤ በዚያ ያሉት ሁለቱ ናቸው። በፎቶግራፍ ጉባኤ ግን ሦስተኛ ሰው አለች፣ በሥዕሉ የምትታየው ሴት፤ እርሷም ተመዝና ሳለ አልተጠራችም።

ስላልተጠራ ሰው ሌላው ሊናገርለት ይችል እንደ ሆነ በፍርድ ቤትም ተጠይቋል፤ ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1960 በዘ ሄግ ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያቀረበችው ክስ፣ በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ የወደቀው፣ ከሳሾቹ በነገሩ የራሳቸው ሕጋዊ መብት የላቸውም ተብሎ ነበር። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ያልቆሰለ ስለ ቆሰለው አይናገር ከተባለ ደጉ ሳምራዊም ከመንገዱ ባልቆመ፣ ሙሉጌታም ካሜራውን ባላነሣ ነበርና። ይሁን እንጂ ስለ ሌላው የሚናገር ሰው፣ ያ ሌላው በደጅ ቢገባ ቃሉን ሳያፍር ሊደግመው ይገባዋል።

በሮተርዳም ከባልንጀሮቼ ጋር ሥዕል ስንመዝን ስለዚያ አፈር አበታተን የተናገርሁትን ምስጋና፣ ዛሬ በዚያች ሴት ፊት ልደግመው አልችልም። ሙሉጌታን ግን ከያኔው አብልጬ አመሰግነዋለሁ፤ ምስጋናዬም ፊቱን ሳያዞር በአጠገቧ ስለ ቆመ ነው።