ይስሐቅ ከተራራው ከወረደ በኋላ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ፣ በይፋግም ሆነ በአዲስ ዘመን፣ ነሐሴ 13 የልጆች መድረክ ነው። ጅራፉ ከቀናት በፊት ጀምሮ ሲጮህ ይሰነብታል። ቡሄ ሲደርስ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ መሬቱን በዱላ እየደለቁ ይቀበላሉ፣ የቤቱ እመቤት ሙልሙል ይዛ ብቅ ትላለች። ለዚያች ሰዓት የሰፈሩ ዓይን ሁሉ አውራጁ ላይ ነው። ድምፁ ሲጎረንን ግን ቦታውን ለታናሹ ይለቃል፤ እርሻው ወይም ትምህርቱ ይጠብቀዋል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው መንገድ ላይ አስቁሞ «እስቲ እንደዚያን ጊዜው አውርድልን» የሚለው የለም።

ፊልም ላይ የወጣ ልጅ ይህ ዕድል የለውም። ጢም ቢያወጣ፣ ትዳር ቢይዝ፣ ልጅ ቢወልድ፣ የስምንት ዓመቱ ፊት ከእሱ ተለይቶ መኖሩን ይቀጥላል። ሰው የሚያውቀውም ያንን ፊት ነው። ታዲያ ያ ፊት የማን ነው? የልጁ? ውሉን የፈረሙት ወላጆቹ? ወይስ የቀረጸው ሰው? ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ለጠበቃ በተተወ ነበር። ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ግን ጥያቄው የሃይማኖት ነው። አደራ ተቀባይ አደራውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይችላልን?

ጥያቄው ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሰሜኑ ደጋ ነው። ረድኤት አማረ የተጫወተው ኤፍሬም እናቱን በሞት ያጣ ብላቴና ነው፤ አባቱ ዘመዶች ቤት አስቀምጦት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ ደግሞ በጓ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ይወስናል። የአባትየው ስም አብርሃም መሆኑ በአጋጣሚ አይመስልም።

የኦሪቱ አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራው ሲወጣ እንጨቱን የተሸከመው ይስሐቅ ነበር። በጉ የት እንዳለ አባቱን ጠየቀ እንጂ ራሱ መሥዋዕት ለመሆን ይፈቅድ እንደሆነ ሲጠየቅ አናነብም። ሰባኪዎቻችን በአባትየው እምነት ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ ተገቢ ነው። ኦሪት ግን ይስሐቅን መሠዊያው ላይ ትቶት አይሄድም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን፦ ሚስት አግብቷል፣ በረሃብ ዘመን በጌራራ ዘርቶ አምርቷል፣ የተደፈኑትን የአባቱን የውኃ ጉድጓዶች መልሶ ይቆፍራል፣ ሲጣሉት ትቶላቸው ሌላ ይቆፍራል። በሕይወቱ ሁሉ «ሊሠዋ የነበረው ልጅ» ሆኖ አልቀረም። የሕፃን ተዋንያን ታሪክ መመዘን ያለበት በዚህ ይመስለኛል። ከተራራው የሚወርዱበት መንገድ ተበጅቶላቸዋል ወይ?

ለጃኪ ኩጋን አልተበጀለትም። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1921 «ዘ ኪድ»ን ሲያወጣ ጃኪ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ዓለም አብሮት አለቀሰ። በልጅነቱ ያስገኘው ገቢ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። አባቱ በ1935 በመኪና አደጋ ሞተ። ጃኪ ካደገ በኋላ ገንዘቡን ሲፈልግ አላገኘውም፤ በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። የዘመኑ ሕግ የልጅን ገቢ የወላጅ ያደርገው ስለነበር ከሙግቱ የተረፈው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። በእሱ ጦስ ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች፤ ከሕፃን ተዋናይ ገቢ ከፊሉ ለራሱ እንዲቀመጥ አዘዘች። አንዲት እናት ልጇ ሠርቶ ያመጣውን እንዳትወስድ ሕግ ማስፈለጉ ያሳዝናል። ቢሆንም አስፈልጓል።

የሕንዱ ሻፊቅ ሰይድ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ የሚከሰስ ሰው የለበትምና። ከባንጋሎር ጠፍቶ ቦምቤይ ጎዳና ላይ ያደር የነበረ ልጅ ነው። አዘጋጇ ሚራ ናይር እ.ኤ.አ. በ1988 «ሳላም ቦምቤይ!» ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሰጠችው። ፊልሙ ካን ላይ ተሸለመ፣ ለኦስካር ታጨ፣ ልጁም የአገሩን የምርጥ ሕፃን ተዋናይ ሽልማት ወሰደ። ከዚያ ሥራው ነጠፈ። ሻፊቅ ወደ ባንጋሎር ተመልሶ ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ እየነዳ ቤተሰቡን አስተዳደረ። ጋዜጦች ይህን እንደ ውድቀት ደጋግመው ጻፉት። ይህ አጻጻፍ ልክ አይደለም። ባጃጅ ነድቶ ልጆቹን የሚያበላ አባት ደብረ ታቦርም ላይ የተከበረ ሰው ነው። የተበደለው ባጃጅ በመንዳቱ አይደለም፤ ለአንድ ወቅት ዙፋን ላይ አውጥተው፣ ቀጥሎ የሚኖርበትን ሳያስቡ በመተዋቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሳ ይችላል። በእኛስ ልጅ ለስለት ይሰጥ የለም ወይ? ሐና ሳሙኤልን ሰጥታለች፤ ታኅሣሥ 3 የምናከብረው በዓታም እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቷን ነው። እውነት ነው። ግን የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ከሰጠች በኋላ ያደረገችውን ልብ እንበል። በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ልጁ እንደሚያድግ ታውቃለች፤ ያምናው ዘንድሮ እንደሚያጥረው ገብቷታል። ለፊልም የተሰፋ ልብስ ግን አንድ ጊዜ ተለክቶ ይቀራል፤ ልጁ ሲያድግ ዞሮ የሚለካው የለም።

ቡሄ የምንለው የደብረ ታቦር በዓልም ስለ መውረድ ይነግረናል። ጴጥሮስ በተራራው ላይ የጌታን ብርሃን አይቶ እዚያው ሦስት ዳስ ሊሠራ ፈለገ፤ አልተፈቀደም። ሲወርዱ መጀመሪያ ያገኙት ስለታመመ ልጁ ተንበርክኮ የሚለምን አባት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ክብሩም የልጁ ሕመምም ይገኛሉ። ካሜራ የሚያነሳልን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የአገራችን ሕግ ዝም አላለም፤ ግን ክፍተት አለው። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ታዲያ ቀረጻ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚውለው የስምንት ዓመት ልጅ ምን ይባላል? ሠራተኛ እንዳይባል ሕጉ አይፈቅድም፤ እንግዳ እንዳይባል ፊልሙ የቆመው በእሱ ትከሻ ነው። በተግባር ክፍተቱን የሚሞላው የወላጅ ፊርማ ነው፤ ያ ፊርማ ደግሞ ብዙ ጊዜ በችግር መካከል የሚፈረም ነው።

ስለዚህ ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ካሜራ ይዛችሁ የምትመጡ አዘጋጆች፣ ልጃችሁን የምትሰጡ ወላጆች፣ ምክር የምትጠየቁ የንስሐ አባቶችም፦ የልጁ ድርሻ በልጁ ስም ባንክ ይግባ፣ ቀረጻው ከትምህርቱ አያስቀረው፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ስም ውሉ ላይ ይጻፍ። 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ምስሉ ዳግም ከመሸጡ በፊት ራሱ ይጠየቅ።